የባልዲው ጭረት

በመሥሪያ ቤታችን «ከፍ-ዝቅ» እያልን ነው የምንጠራው። ሃያ ሁለት ዓመት ሊፍት ሲጠግን ስለኖረ የወጣለት ስም ነው። አይከፋበትም፤ እንዲያውም ስልክ ሲያነሳ አንዳንዴ ራሱ «አቤት፣ ከፍ-ዝቅ ነኝ» ይላል። ቁመቱ ዘለግ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። ዛሬ ከእኔ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ሊፍት ውስጥ ተይዘው የሚደውሉ ሰዎችን ያረጋጋል።

«አይዞዎት፣ አየር በደንብ ይገባል። ግድግዳውን ደገፍ ብለው ይቀመጡ። ስምንት ደቂቃ ብቻ» ይላል። ስምንት ካለ ስምንት ነው። ሲያለቅስ የነበረ ሰው እንኳ ድምፁን ሲሰማ ቀስ በቀስ ልቡ ይመለሳል።

እሱ ግን ያንን ወንበር አይወደውም። ከጠረጴዛ ጋር ያቆራኘው አንድ ጠርሙስ ነው። ታሪኩን የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው፤ ጥሪ በማይበዛባቸው ሰዓቶች ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን እያወራኝ፣ እኔ ገጣጠምኩት።

ከሰባት ዓመት በፊት የአንድ መኖሪያ ሕንፃ ሊፍት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተገትሮ ሊጠግን ይሄዳል። ሥራውን ጨርሶ መፍቻዎቹን ሲሰበስብ፣ ከአንዱ በር ሥር የሚወጣ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ፤ ትኩስ ዳቦ ከታጨደ ሣር ጋር የተቀላቀለ የሚመስል። በሩ ተከፈተና ሽርጥ የታጠቀ፣ መነጽሩ በእንፋሎት የደበዘዘ ሰው ብቅ አለ። የኬሚስትሪ መምህር ነው። ኩሽናው ውስጥ ቢራ እየጠመቀ ነበር።

«ሊፍቷን ያዳንካት አንተ ነህ? ግባ እንጂ!» አለና ካለፈው ጊዜ ጥንስሱ አንድ ብርጭቆ ቀዳለት።

ከፍ-ዝቅ ብርጭቆዋን ጨርሶ ሲወጣ ልቡ እዚያው ኩሽና ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የመምህሩ ተማሪ ሆነ። ብቅሉን መዘፍዘፍ፣ ውሃውን ማጥለል፣ ሆፕስ ከሚባለው መራራ አበባ ጋር አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ እርሾ መጨመር፤ ይሄን ሁሉ በሁለት ወር ለመደው። ያስቸገረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጥንስሱ ክፉ አየር ሳያገኘው፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ሁለት ሦስት ሳምንት መብላላት አለበት። መምህሩ ለመነሻ ብሎ አንገቱ ጠባብ የሆነ፣ ሆዱ የሰፋ ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ሰጠው። ከፍ-ዝቅ ጠርሙሱን ወደደው። ቢራው ሲብላላ፣ አረፋው ሲወጣና ሲወርድ ከውጭ ይታያል። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ይቀመጥ እንደነበር ሚስቱ ትናገራለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያንን ጠርሙስ በሳሙና ውሃ ሞልቶ ወደ መታጠቢያው ተሸክሞ ሲሄድ ከእጁ አሟለጨው። ልያዘው ብሎ ጎንበስ አለ፤ የያዘው ግን ስብርባሪውን ነው። ሚስቱ ነርስ ናት። እጁን በፎጣ ጠምጥማ፣ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ራሷ ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሞቹ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ጅማት ሰፉ፤ ጣቶቹ ዳኑ፣ መታጠፍ ግን እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ ገመድ በደንብ መጨበጥ የማይችል እጅ ይዞ ወደ ሊፍት ጉድጓድ ማን ያስገባዋል? ድርጅቱ ስልክና ወንበር ሰጠው።

ሚስቱ ያን ሰሞን ነው ትእዛዙን ያወጣችው።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ከቢራ ጠርሙስ የሚበልጥ መስታወት እንዳላይ።»

«በቃ ቢራውን ተውኩት» አላት፤ ሆድ ብሶታል።

«ቢራውን ተው መቼ ወጣኝ? ዕቃውን ቀይር ነው ያልኩት።»

ለምን እንዲያ እንዳለችው የነገረችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከሥራ መጥቶ ሶፋው ላይ ቁጭ ሲልና ያንን እጁን ሲያየው ትመለከተው ነበር። ከቅዳሜዎቹ ጋር ሌላም ነገር አብሮ እንዳይሄድ ፈርታ ነው።

እንግዲህ የፕላስቲክ ነገር እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ቸኮለ። ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት አንድ ባለ ክዳን ሰማያዊ ባልዲ ይዞ መጣ። ባልዲው ድሮ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት የተቀመጠበት ነው። ሦስት ጊዜ አጠበው፤ ሽታው ጠፋ። የጠፋ መሰለው እንጂ ሽንኩርቱ ለካ ግድግዳው ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢራውን ሲቀምስ ዐይኑ እንባ አቀረረ።

መምህሩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ፕላስቲክ ሽታ ይጠጣል ወንድሜ! ሌላ ነገር የነበረበትን ዕቃ እርሳው። አዲስ ግዛ፤ ቂጡ ላይ የብርጭቆና የሹካ ምልክት ያለበትን። ለምግብ የሚሆን ነው ማለት ነው። ከዚያ ለቢራ ብቻ ይሁን።»

አዲሱን ገዛ። ነጭ፣ ሠላሳ ሊትር የሚይዝ፤ ሃያ ሦስት ሊትር ቢራ ገብቶበት ለአረፋው ቦታ የሚተርፍ። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አለችው፤ ቀዳዳዋ ላይ ውሃ የያዘች ትንሽ ጠመዝማዛ ቱቦ ትሰካለች። የውስጡ አየር በውሃዋ አልፎ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ የውጭው ግን አይገባም። ከታች በኩል የመቅጃ ቧንቧ ነበረው። ከሁሉ በላይ ቀላል ነበር፤ ባዶውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ይሄዳል። እንደ ጠርሙሱ ውስጡ አይታይም እንጂ ቢወድቅም አይሰበርም።

ከዚያ ባልዲ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቢራዎች ግሩም ነበሩ። ለእኔም አንድ ጠርሙስ አምጥቶልኛል። ያን ቀን ስልኩን የሚያነሳበት ድምፅ እንኳ ሌላ ነበር።

ከዚያ አባቱ መጡ።

አባቱ የተከራዩበት ቤት ሊፈርስ ሆኖ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ነው የመጡት፤ አንድ ሻንጣና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሦስት መፈግፈጊያዎች ይዘው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆቴል ድስት አጣቢ ነበሩ። ሰው የሚገባባቸው ድስቶች፣ ታችኛው ጥግ ላይ ያረረባቸው መጥበሻዎች፤ ይሄን ሁሉ በሽቦ መፈግፈጊያ ፊት እስኪያሳይ የሚያበሩ ሰው። በመጡ በማግስቱ ኩሽናው የሳቸው ሆነ።

«አባባ፣ ይረፉ እንጂ» አለቻቸው የልጃቸው ሚስት።

«የሰው ቤት ቁጭ ብዬ አልበላም።»

«የሰው ቤት ነው እንዴ? የልጅዎ ቤት ነው።»

«እሱም ሰው ነው» አሉና የሻይ ማንቆርቆሪያውን ቂጥ መፈግፈግ ቀጠሉ።

ከፍ-ዝቅ ከአባቱ ጋር ብዙ አያወራም። ተጣልተው አይደለም። በመካከላቸው ያለው ነገር ያልተጠረገ ክፍል ይመስል ነበር፤ ሁለቱም በሩን ገርበብ አድርገው ያልፉታል። እሱ ሥራ ሲውል እሳቸው ቤት ይውላሉ፤ ማታ «ደህና ዋልክ?» «ደህና፣ እርስዎስ?» ይባባላሉ፤ አለቀ።

ሦስተኛው ቢራ ኮመጠጠ። አራተኛውም። ከፍ-ዝቅ ውሃውን ጠረጠረ፤ ውሃ ለወጠ። እርሾውን ጠረጠረ፤ ሌላ እርሾ አመጣ። የብቅሉን ከረጢት ገልብጦ ሻጋታ ፈለገ። ያስቀመጠበት በረንዳ ሞቆ ይሆናል ብሎ ባልዲውን ወደ ዕቃ ቤት አዞረ። አምስተኛውን ሲከፍት ክዳኑ ሥር ያለው ሽታ ብቻ በቂ ነበር። መታጠቢያው ላይ ቆሞ ሃያ ሦስት ሊትር አፈሰሰ። ወደ ሥራ ሲመጣ ፊቱ ቅጭም ብሎ ነበር።

«እጄ ነው» አለኝ።

«እጅህ ምን አደረገ?»

«እንጃ። ድሮ አንድ ነገር ከነካሁ ይስተካከል ነበር። አሁን የነካሁት ሁሉ ይበላሻል።»



መምህሩ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከፍ-ዝቅ ቤት ጎራ አለ። የተረፈውን ጠርሙስ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ ባልዲውን አምጣ አለ። የእጅ ባትሪ አብርቶ ወደ ውስጥ አስገባና ባልዲውን ቀስ እያለ አዞረው። ብርሃኑ አግድም ሲያርፍ የባልዲው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን ጭረት ነው፤ ድመት የቧጨረችው ይመስላል።

«እያንዳንዷ ጭረት የባክቴሪያ መንደር ናት» አለ መምህሩ። «ሳሙናም በረኪናም ታችዋ ድረስ አይገባም። ፕላስቲክ እኮ በለስላሳ ጨርቅ ነው የሚታጠበው። ማነው በሽቦ የፈገፈገው?»

ከፍ-ዝቅ መልሱን ያውቃል። ከኩሽናው የሚመጣውን ድምፅ እየሰማ ነበር፤ ፍግ፣ ፍግ፣ ፍግ።

መምህሩ ከሄደ በኋላ ለሚስቱ ነገራት።

«ንገራቸዋ» አለች።

«ምን ብዬ? እዚህ ቤት ውስጥ ያላቸው ሥራ ያ ብቻ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የኮሩበትን ነገር አበላሹብኝ ልበላቸው?»

«ሌላ ሰው ቢሆን ትነግረው ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አባትህን ከሌላ ሰው አሳንሰህ አትያቸው።»

መልካም ምክር ነው። ከፍ-ዝቅ ግን ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ባልዲውን ዕቃ ቤት አስገብቶ ቆለፈበትና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ አባቱ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥተው ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ሌባ ነኝ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ አባባ!»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት የብር ማንኪያ ሲቆጠር አንድ ጎድሎብኝ አያውቅም። ልጄ በር ይቆልፍብኛል?»

ከዚያ በኋላ መሸሽ አልቻለም። በሩን ከፈተ፣ ባልዲውን አወጣ፣ ባትሪውን አበራና ሁሉንም ነገራቸው። ጭረቱን፣ ጭረቱ ውስጥ የሚቀመጠውን፣ የፈሰሰውን ቢራ ሁሉ። አባቱ ባትሪውን ከእጁ ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ወደ መኝታቸው ገቡ፣ በሩን ዘጉ።

ሦስት ቀን ኩሽና አልገቡም። ሳህን ተከመረ። ሚስቱ ሳህኖቹን ልታጥብ ስትነሳ ከፍ-ዝቅ «ተይው፣ እኔ አጥባለሁ» ይላል፤ ማንንም እንደማያናግር ሰው ለግድግዳው እያወራ። በአራተኛው ቀን ከሥራ ሲገባ አባቱ በረንዳው ላይ ባልዲውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። ዐይናቸውን ጨፍነው በአመልካች ጣታቸው ጫፍ የውስጡን ግድግዳ እየዳበሱ ነው።

«ብረት አይከፋውም» አሉ ቀና ሳይሉ። «የፈለግከውን ያህል ፈግፍገው፣ ዝም ይልሃል። ይሄ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ማን ነገረኝና ልወቅ?»

«ማንም አልነገረዎትም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ይሄ አልቆለታል። ልብስ ይዘፍዘፍበት። ሌላ የሚገዛበት ሱቅ የት ነው?»

«ቅዳሜ ልሄድ አስቤ ነበር።»

«አብሬህ እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ሱቁ የፕላስቲክ ዕቃ እስከ ጣሪያው የተደረደረበት ነው፤ የውሃ ጎማ፣ ገንዳ፣ ወንበር፣ ጀሪካን። ሻጩ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ ወፍራም ሰው ነበር። ከፍ-ዝቅ መጀመሪያ ዐይኑ ያረፈው አንገቱ ጠባብ በሆነ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ነው። መምህሩም የመከረው እሱን ነበር፦ ውስጡ ይታያል፣ እጅ ስለማይገባበትም ማንም አይፈገፍገውም። ለአባቱ አሳያቸው።

አባቱ አራት ጣታቸውን ወደ አፉ ሊያስገቡ ሞከሩና አልገባ አላቸው። «እጄ ያልገባበትን ዕቃ ታጥቧል ብዬ አልመሰክርም» አሉና መለሱለት።

ከዚያ ወደ ነጫጮቹ ባልዲዎች ዞሩ። አንዱን አነሱ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ጭንቅላታቸውን እስከ ጆሯቸው ድረስ ውስጥ ከተቱት። ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ አለ።

«አባት፣ ምን ጠፋብዎት?»

«አፍንጫዬን እየላክሁት ነው» አለ ድምፃቸው ከባልዲው ውስጥ። «የምትሸጠውን ዕቃ አሽትተኸው ታውቃለህ?»

«ባልዲ ምን ይሸታል?»

«ይሄ የሞተር ዘይት ይሸታል።»

ሻጩ ሳቀ። ከዚያ ራሱ አሸተተ፤ ሳቁ ቆመ። ባልዲዎቹ የነበሩበት መደርደሪያ ከሞተር ዘይት ጣሳዎች ጎን ነበር። ከጓዳ ሌላ አመጣ። አባቱ ሁለተኛውን በጣታቸው ዳበሱና ከፋብሪካው ሲወጣ የቀረችበትን የሻከረች ስፌት አገኙበት፤ ጣሉት። ሦስተኛውን ከፍ-ዝቅ ራሱ ከለከለ። ክዳኑን ዙሪያውን ጠቅ አድርጎ ዘጋና በመዳፉ ጫን ሲለው፣ በአንድ ጎን «ስስስ» የሚል አየር ሰማ። ሃያ ሁለት ዓመት የሊፍት በር ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ እንዲህ ያለውን አያልፍም።

«ሰማህ?» አሉ አባቱ። እሳቸውም ሰምተዋል።

«ሰማሁ።»

አራተኛው አለፈ። ሻጩ ግንባሩን እየጠረገ «አባት፣ እዚህ ሥራ ቢጀምሩ ምናለ?» ሲላቸው፣ «አንተ ትከስራለህ» ብለውት ወጡ። አውቶቡስ ላይ ባልዲውን ጭናቸው ላይ ይዘው፣ የሻጩን ነገር እያነሱ እየሳቁ ነበር የተቀመጡት። ከፍ-ዝቅ አጠገባቸው ቆሞ፣ እንዲያ ሲስቁ ያያቸው መቼ እንደነበር ሊያስታውስ ሞክሮ አልቻለም።

አዲሱ ባልዲ የቧንቧ ቀዳዳ ነበረው እንጂ ቧንቧ አልነበረውም። ስለዚህ ቤት ሲደርሱ የድሮውን ቧንቧ ነቅለው ሊገጥሙ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። አባቱ የማሰሪያውን ዳዶ ከውስጥ በኩል አዙረው ቧንቧውን ከባልዲው አላቀቁት። ከዚያ ቧንቧውን ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠምዘዝ ሲያደርጉት ለሁለት ተከፈለ፤ እጀታው ከነመዝጊያው ከሰውነቱ ወጣ። በሁለቱ መካከል ቡናማ፣ የሚያንሸራትት ዝቃጭ ተጋግሯል። ሽታው ኩሽናውን ሞላው። ያው ኮምጣጣ ሽታ ነው።



ከፍ-ዝቅ ያ ቧንቧ እንደሚፈታ ያውቅ ነበር። ማሽን ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው እንዴት ይጠፋዋል? ባልዲውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ግን አንድ ቀን ፈትቶ አላጠበውም። ሁለት ጣቶቹ ስለማይታጠፉ ጠምዝዞ ሊያላቅቀው አልቻለም፤ ሚስቱን ፍቺልኝ ማለት ደግሞ አሳፈረው። ውሃ እያሳለፈበት ይበቃዋል እያለ ትቶት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቢራዎች ያዳናቸው ዕቃው አዲስ መሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የኮመጠጠው በጭረቱ ይሁን በቧንቧው፣ ማን ይለያል?

አባቱ «አየህ?» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። የቧንቧውን ክፍሎች ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነከሩና ትንሿን የጎማ ቀለበት በጥፍራቸው አውጥተው ለብቻዋ አስቀመጡ።

«አባባ» አለ ከፍ-ዝቅ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁሉንም በእርስዎ ላይ ነው የጫንኩት።»

አባቱ እጃቸውን ከውሃው ሳያወጡ ፈገግ አሉ። «ይቅርታ መጠየቅ ጀመርክ ማለት ነው? ስለ ቆቡስ?»

«የቱ ቆብ?»

«የሼፉ ቆብ ነዋ።»

ከፍ-ዝቅ ጆሮው ድረስ ቀላ። ዐሥር ዓመቱ ሳለ ለክፍል ጓደኞቹ አባቴ የሆቴሉ ሼፍ ነው ብሎ ዋሽቶ ነበር። ከመካከላቸው ሦስቱ አሳየን ብለው ወጠሩት፤ እምቢ ማለት አቅቶት በሆቴሉ የኋላ በር በኩል ወሰዳቸው። ደርሶ ሲያንኳኳ አባቱ ረጅሙን ነጭ ቆብ ደፍተው ወጡ፤ ለእያንዳንዳቸው ትኩስ ዳቦ ሰጥተው ሸኟቸው። እሱ ሁልጊዜ የሚያስበው ያን ቀን ዕድል እንደረዳው ነው፤ በአጋጣሚ ለቀልድ ቆቡን ደፍተውት እንደነበር።

«በመስኮት አየሁህ እኮ» አሉ አባቱ። «ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ልጅህ ሼፍ ነው ብሎ ያወራልሃል ብለው አስተናጋጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁብኝ ስለከረሙ፣ ምን ይዘህ እንደመጣህ ገባኝ። ቆቡን ከአለቃዬ ራስ ላይ መንጭቄ ሮጥኩ። ሰውየው ሁለት ቀን አኩርፎኛል።»

ከፍ-ዝቅ ቀና ብሎ አያቸው። «አውቀው ነበር?»

«እንዴት አላውቅም?»

«ተቀይመውኝ ነበር?»

አባቱ የጎማ ቀለበቷን አንስተው በመስኮቱ ብርሃን ላይ አዩዋት። «በመዋሸትህ አልተቀየምኩም። ልጅ ነህ። ከዚያ በኋላ በዚያ በር መምጣት ተውክ። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ትመጣ ነበር፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠህ ታወራኝ ነበር፤ ተውክ። ያ ነው ቅር ያለኝ።»

«እንደገና መጥቼ ቆብ ከሌለዎት ብዬ ነው» አለ ከፍ-ዝቅ። «የሚያየኝ ሰው ቢኖርስ ብዬ።»

«አወቅሁት። እኔም ብሆን ና ብዬ አልጠራሁህም። በል፣ አሁን ይሄን ያዝ።»

ቧንቧውን ሰጡት። በዚያ በማይታጠፈው እጁ አቅፎ እንዲይዝ፣ በቀኙ እንዲያዞር አደረጉት። መጀመሪያ አምልጦት ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሁለተኛም ወደቀ። አምስተኛው ላይ ዞረ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ስታይ ነበር። «ሐኪሙ በየቀኑ ያዘዘልህ ልምምድ ይሄው ነበር እኮ፤ አንተ ግን እምቢ አልክ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አዲሱን ጥንስስ ሁለቱ ናቸው የጠነሰሱት። የሥራ ክፍፍሉ ብዙ ንግግር ሳይፈልግ ራሱ መጣ። ብቅሉና ሙቀቱ የልጁ፣ ንጽሕናው የአባት። ባልዲው ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በአሮጌ የጥጥ ካናቴራ ቁራጭ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ተደፍቶ በራሱ ይደርቃል። ጭልፋ ወይም ማንኛውም ጫፉ ስል የሆነ ነገር ውስጡ አይገባም። ቧንቧው በእያንዳንዱ ዙር ይፈታል፤ የሚፈታው ከፍ-ዝቅ ነው። ፕላስቲክ ቀስ እያለ አየር ስለሚያሳልፍ ቢራው ከሦስት ሳምንት በላይ እንዳይቆይበት መምህሩ አስጠንቅቋል፤ አባቱም ቀኑን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ላይ በትልቁ ከበቡት።

ቀኑ ደርሶ፣ ጠርሙስ ገብቶ፣ ሁለት ሳምንት ጋዙን እስኪይዝ ተጠብቆ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የመጀመሪያው ቆርኪ ተከፈተ። መምህሩም ተጠርቶ ነበር። ተቀበለ፣ አሸተተ፣ ጎንጨት አለ፣ ደግሞ ጎንጨት አለ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳ።

«ምንም ጥፋት የለውም» አለ መምህሩ።

«እንዲያ ብቻ?» አለ ከፍ-ዝቅ።

«አንተ ሰው፣ ሃያ ዓመት ጠምቄ ስለራሴ ቢራ እንዲህ ያልኩት አራት ጊዜ ነው!»

አባቱ ሐኪም ስለከለከላቸው ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ነበር የተቀዳላቸው። ቀመሱና ለጥቂት ጊዜ አፋቸው ውስጥ ያዙት።

«ይመራል» አሉ።

«ቢራ እኮ ነው አባባ» አለች የልጃቸው ሚስት።

«መጥፎ ነው መቼ አልኩ? እውነተኛ ምሬት ነው። ሌላ ነገር አልገባበትም።»

ከፍ-ዝቅ ይሄን ሲነግረኝ ድምፁ ረጋ ያለ ነበር፤ ሊፍት ውስጥ ለተያዙት ሰዎች የሚያወራበት ድምፅ።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ሁለቱ ጣቶች ሙሉ በሙሉ አልታጠፉም፤ ግማሽ መንገድ ይሄዳሉ። ወደ ሊፍት ጉድጓድ አልተመለሰም፤ የሚመለስም አይመስለኝም። ድርጅቱ ግን በወር አንድ ቀን አዲስ የሚቀጠሩትን የሊፍት በር መቆለፊያ ጥገና እንዲያስተምር ጠየቀው፤ እሺ አለ። ወንበሩን አሁንም አይወደውም፤ ማማረሩን ግን ትቷል። ያ የመረጡት ባልዲ ከአንድ ዓመት በኋላ በሌላ ተተካ። አባቱ በጣታቸው ዳብሰው «ይበቃዋል» ስላሉ ነው፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄጄ ነበር። ሚስቱ በር ከፍታልኝ ወደ በረንዳው ጠቆመችኝ። አባትና ልጅ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርገው ባልዲው ፊት ተቀምጠዋል። አዲስ የተጠነሰሰ ነው፤ አራተኛ ቀኑ። ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው መዳፋቸው ላይ ይዘዋል። ቱቦዋ ቡልቅ ስትል ሰዓቱን ያያሉ፣ እስከሚቀጥለው ይቆጥራሉ።

«አርባ ሁለት ሴኮንድ» አሉ።

«ጠዋት ሠላሳ አምስት ነበር» አለ ከፍ-ዝቅ። «መብላላቱ እየቀዘቀዘ ነው።»

እኔን ሲያይ በእግሩ ሦስተኛ ወንበር ገፋልኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውሃዋ ቱቦዋ ውስጥ ቀስ ብላ ከፍ አለች፣ ትንሽ ቆየች፣ እኛም ሦስታችን አንገታችንን አስግገን ጠበቅን።